ሌኒን በድምፅ ተሸንፎ ሳለ ቡድኑ ለምን «ብዙኃን» ተባለ?

ጠያቂው ወንድሜ፣ «ቦልሼቪክና ሜንሼቪክ የተለያዩት በአንድ የደንብ አንቀጽ ነው ይባላል፤ እውነት ነው? ኤስ-ኤሮችስ ከየትኛው ወገን ናቸው?» ብለሃል። የመጀመሪያዎቹ የሩሲያ ሶሻል ዴሞክራቶች ፓርቲ ሁለት ክንፎች ናቸው፤ «ኤስ-ኤር» ደግሞ «ሶሻሊስት አብዮተኛ» ለሚለው የሩሲያኛ ስም ምህጻር ነው። ይህ ጥያቄ በፈተና ላይ አፍ አስይዞኝ ያውቃል።

በወጣትነቴ «ሜንሼቪክ»ን የማውቀው በስድብነቱ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በውይይት ክበብ ውስጥ አንዱ ሌላውን «ሜንሼቪክ» ካለው ክርክሩ አበቃ፤ ትርጉሙን የጠየቀ ሰው አላስታውስም። በ1976 ዓ.ም. ለትምህርት ሌኒንግራድ ስገባ ከተማሪዎች ምግብ ቤት ቀድሜ የለመድኩት ቃል «ቦልሼ» ሆነ፦ ሾርባ የምታድለው ሴት እንድትጨምርልኝ። «ሜንሼ» ደግሞ «ያነሰ» ማለት ነው። ያ ሁሉ ያስፈራ የነበረ ስም ለካ የጭልፋ ጉዳይ ነው!

የፓርቲው ታሪክ ለእኛም ግዴታ ነበርና በቃል ፈተናው ሁለተኛው ጉባኤ ደረሰኝ። «የፓርቲ አባል ማን ነው በሚለው አንቀጽ 1 ላይ የሜንሼቪኮቹ መሪ ማርቶቭ ሌኒንን 28 ለ22 አሸነፈ» አልኩ። መምህሩ «ታዲያ ብዙኃኑ የሌኒን ሰዎች የሆኑት እንዴት ነው?» ሲለኝ ዝም አልኩ። ከአምስት ሦስት ሰጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1903 ብራስልስ ተጀምሮ፣ ፖሊስ መቆሚያ ስለነሳው ወደ ለንደን ተሻገረ። ለሌኒን አባል ማለት በአንድ የፓርቲ ድርጅት ውስጥ ራሱ የሚሳተፍ ሰው ነው፤ ለማርቶቭ በድርጅት አመራር ሥር ሆኖ ዘወትር የሚያግዝም ይበቃል። ማርቶቭ ረታ። በኋላ ግን የአይሁድ ሠራተኞች ማኅበር የሆነው የቡንድ 5 ተወካዮች የጠየቁት የተለየ ቦታ ሲነፈጋቸው ረግጠው ወጡ፤ የሠራተኛው ትግል በኢኮኖሚ ጥያቄ ላይ ያተኩር ባይ በመሆናቸው «ኢኮኖሚስት» የሚባሉ 2 ሰዎችም ወጡ። ሰባቱም የማርቶቭ ደጋፊዎች ነበሩና ብልጫው ወደ ሌኒን ወገን ዞረ።

ቁርሾው የመረረው ግን በጋዜጣው ይመስለኛል። ሌኒን የፓርቲው ጋዜጣ የ«ኢስክራ» አዘጋጆች ከ6 ወደ 3 ይውረዱ አለ፦ ፕሌኻኖቭ፣ ማርቶቭና እርሱ ራሱ። በ45 እትሞች ዛሱሊች 6፣ አክስልሮድ 4 ጽሑፍ ብቻ ማውጣታቸውን ቆጥሯል። ቆጠራው ልክ ይሁን፤ ዛሱሊች ግን በ1878 የፒተርስቡርግን ገዥ በጥይት ያቆሰለች አንጋፋ ታጋይ ናት፤ እንዲህ ያለ ሰው በጽሑፍ ብዛት ይሰናበታል? ማርቶቭ አዲሱን ቦታ አልቀበልም አለ። በዚያ የአመራር ምርጫ ያሸነፉት የሌኒን ሰዎች «ብዙኃን» (ቦልሼቪክ) ተባሉ፤ ሜንሼቪኮች በ1906 በስቶክሆልም ጉባኤ ብልጫ ሲያገኙ እንኳ የ«ንኡሳን» (ሜንሼቪክ) ስም አልለቀቃቸውም።

ስለዚህ አንቀጹ ሰበብ እንጂ ሙሉ ምክንያት አልነበረም። የሐሳብ ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው በ1905ቱ የሩሲያ አብዮት ነው። ሜንሼቪኮች አብዮቱ የቡርዧ (የከበርቴው መደብ) ነው፣ ሥልጣኑን ሊበራሎቹ ይያዙ፣ ሠራተኛው ከታች ይግፋቸው አሉ። ሌኒን ሊበራሎቹን አላመነም፤ የሠራተኛው አጋር ገበሬው ነው አለ።

ኤስ-ኤሮች ከሁለቱም የተለየ፣ ገበሬውን መሠረት ያደረገ ፓርቲ ነበራቸው፤ መሬት ከሽያጭና ከግዢ ወጥቶ ለሚያርሰው ይሁን ባዮች ናቸው። በ1917 መጨረሻ በሕገ መንግሥት ጉባኤው ምርጫ ከቦልሼቪኮች የበለጠ መቀመጫ አገኙ። ግን ተሰንጥቀው ነበር፤ ግራ ኤስ-ኤሮች ከሌኒን መንግሥት ጋር ገብተው በ1918 ከጀርመን ጋር በተፈረመው በብሬስት-ሊቶቭስክ የሰላም ውል ተጣልተው ወጡ። ቦልሼቪኮች በ1917 ጥቅምት ሥልጣን ሲይዙ ያወጡት የመሬት አዋጅ ሲነበብ «ይህንማ ያረቀቁት ኤስ-ኤሮች ናቸው» የሚሉ ድምፆች ተሰሙ። ሌኒን ታዲያ ቢሆንስ ምን አለበት ብሎ አለፈው።