«ይመለስ፤ ቢሞትም አክሊል ነው» ለሚሉ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በስደት ነው። ከማኅበራችን አንዱ ወንድም በእምነቱ ምክንያት ታስሮ፣ ተገርፎ ከሀገሩ ያመለጠ ነው። አሁን የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ሆነና በግድ ሊመልሱት ነው። ጠበቃ እንያዝለት ስንል አንዳንዶች «እምነት ካለው ምን ያስፈራዋል? ይመለስ፤ ቢሞትም አክሊል ነው። ደግሞስ ለመንግሥት ተገዙ ተብሎ የለ?» አሉን። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጸልዩለት ብዬ አልጀምርም፤ ጸሎቱን እንደማታስታጉሉ አውቃለሁ። ይቺን «አክሊል ነው» የምትል ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፋትም። ስንቴ ሰማኋት መሰለህ! አብዛኛውን ጊዜም የምሰማት የመኖሪያ ፈቃዱን ኪሱ ከከተተ ሰው ነው።

ሰማዕትነት ሰው ለራሱ የሚቀበለው ነው። ለሌላው አይፈርሙለትም። ጌታ ራሱ «በአንዲቱ ከተማም መከራ ሲያሳዩአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ» ብሏል (ማቴ. 10፥23)። ቅዱስ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል፤ ፈሪ ብለው ሲሰድቡትም ይህንኑ ቃል እየጠቀሰ መልሶላቸዋል። እሱን ፈሪ የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ኤርምያስ ምዕራፍ 26ን እስቲ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ኦርዮ የሚባል ነቢይ ነበር። ንጉሡ ኢዮአቄም ሊገድለው ሲፈልግ ፈርቶ ወደ ግብጽ ሸሸ። ንጉሡ ሰዎች ልኮ ከግብጽ አስመጣው፣ በሰይፍ ገደለው፣ ሬሳውንም ተራው ሕዝብ በሚቀበርበት ጣለው። በግድ መመለስ ማለት ይሄ ነው። መጽሐፉ ኦርዮን ለምን ሸሸህ ብሎ አይወቅሰውም። ወዲያው ቀጥሎ ግን የሳፋን ልጅ አኪቃም ኤርምያስን ለሞት አሳልፈው እንዳይሰጡት እንደቆመለት ይነግረናል። በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ ንጉሥ ዘመን፣ አንዱ ነቢይ የሚቆምለት አጥቶ ሞተ፤ ሌላው የሚቆምለት አግኝቶ ተረፈ። የእናንተ ማኅበር የማንን ሥራ ይሥራ?

«ለመንግሥት ተገዙ» ያሉትም ጥቅሱን ከጸሐፊው ነጥለውታል። ሮሜ 13ን የጻፈው ጳውሎስ በደማስቆ በቅርጫት ከቅጥር ወርዶ ያመለጠ ሰው ነው። ኋላም ሮማዊው ገዥ ፊስጦስ «ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተህ ልትፋረድ ትወዳለህን?» ሲለው፣ ከሳሾቹ መንገድ ላይ አድፍጠው ሊገድሉት አስበው ነበርና እሺ አላለም። «ወደ ቄሣር ይግባኝ ብዬአለሁ» አለ (ሐዋ. 25)። ይግባኝ ማለት ማመፅ አይደለም፤ መንግሥት ራሱ ባወጣው ሕግ መጠየቅ ነው። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 33፣ ስደተኛ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ የተነሳ ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ሀገር እንዳይመለስ ይከለክላል። የ1984ቱ ፀረ ማሰቃየት ስምምነትም ግርፋትና ስቃይ ወደሚጠብቀው ቦታ ማንንም መላክ ክልክል ነው ይላል። እነዚህን ስምምነቶች የፈረመን መንግሥት ፊርማህን አክብር ማለት ምኑ ላይ ነው ኃጢአቱ?

«ዮሴፍም ተመለስ ሲባል ተመልሷል» የሚሏችሁም አይጠፉም። አዎ ተመልሷል፤ ግን መልአኩ የነገረው ሕፃኑን የሚፈልጉት ከሞቱ በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ አርኬላዎስ በአባቱ በሄሮድስ ፈንታ መንገሡን ሲሰማ ይሁዳ መግባት ፈራ፣ ወደ ገሊላም ሄደ። የወንድማችሁ አሳዳጆች ደግሞ እዚያው በሥልጣናቸው ላይ ናቸው።

ስለዚህ ጠበቃውን ያዙለት፤ ዛሬ ነገ አትበሉ፣ የይግባኝ ቀነ ገደብ አይጠብቅም። ማኅበሩ የምስክርነት ደብዳቤ ይጻፍለት። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ ይጠቅመዋል ብላችሁ አንዲት ቃል ብትጨምሩ ውሸትም ነው፣ መዝገቡንም ታበላሹበታላችሁ። ስሙንና ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፣ ያሳደዱትም ያያሉና። «በፈቃዴ ነው የምመለሰው» የሚል ወረቀት ካቀረቡለት ደግሞ ጠበቃው ሳያየው እንዳይፈርም አጥብቃችሁ ንገሩት።