ጌም መሥራት ሳልችል ስለ ጌም ዶክትሬት ልሥራ?

ጥያቄ፦ በታሪክ የመጀመሪያ፣ በሙዚየም ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ አለኝ። አንድ የብሪታኒያ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ የጦርነት ሙዚየም ጋር ተባብሮ ሙሉ ወጪው የተሸፈነ የዶክትሬት ቦታ አውጥቷል። ርዕሱ ጦርነትን በሚዘክሩ ሙዚየሞች ውስጥ ጨዋታን ስለመጠቀም ነው። ኮድ መጻፍ አልችልም፤ ጌምም እምብዛም አልጫወትም። ደግሞም ሰው ባለቀበት ጉዳይ መጫወት ነውር አይሆንም ወይ የሚለው ሐሳብ እረፍት ነስቶኛል። ላመልክት ወይስ ልተወው? ከዚያስ በኋላ ሥራ ይገኝበታል?

መልስ፦ እህቴ፣ አመልክቺ። መልሱን ያስቀደምኩት ቀሪውን በረጋ መንፈስ እንድታነቢው ብዬ ነው።

ስለ ኮዱ አትጨነቂ። እንዲህ ያለ ቦታ የሚፈልገው ጌም ሠሪ ሳይሆን፣ ጎብኚው ተጫውቶ ሲወጣ ስለ ጦርነቱ ምን ይዞ እንደሚወጣ መርምሮ የሚያሳይ ሰው ነው። ጌም ማሠራት ሲፈልጉ ሙዚየሞች ስቱዲዮ ይቀጥራሉ። ማስታወቂያው ናሙና ጨዋታ ማዘጋጀትን ቢጠይቅ እንኳ፣ በካርድ፣ በዳይስና በወረቀት የተሠራ ናሙና ለምርምር የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲያውም የጨዋታውን ሕግ በአንድ ምሽት መቀየር ስለሚቻል ለጀማሪ ከሶፍትዌር ይሻላል። አለመጫወትሽ ግን ያሳስበኛል። ያልተጫወተ ሰው ስለ ጨዋታ ሲጽፍ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ያስታውቃል። ማመልከቻው እስኪዘጋ ድረስ ጥቂት ጌሞች መርጠሽ፣ ማስታወሻ እየያዝሽ ተጫወቺ። የትኞቹን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ።

ነውር ነው ወይ ወዳልሽው ልምጣ። ይህን ስጋት እንደ ድክመት አትደብቂው፤ የማመልከቻሽ ጠንካራ ክፍል ሊሆን የሚችለው እሱ ነው። በደፈናው "ነውር ነው ወይስ አይደለም" ብለሽ ከጠየቅሽ ግን የትም አያደርስሽም። ጦርነትና ጨዋታ መጀመሪያ የተገናኙት ሙዚየም ውስጥ አይደለም። የፕሩሲያ (የቀድሞዋ የጀርመን መንግሥት) ጦር መኮንኖቹን በካርታና በዳይስ በሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ማሠልጠን የጀመረው በ1824 ገደማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ያዢልኝ)። በ1942 ደግሞ የብሪታኒያ ባሕር ኃይል በሊቨርፑል ከተማ አንድ የስልት ማሠልጠኛ ክፍል አቋቋመ። መሪው ካፒቴን ጊልበርት ሮበርትስ ሲሆን አብዛኞቹ ሠራተኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የአዳራሹን ወለል ባሕር አድርገው የመርከቦቹን ጉዞ በጠመኔ እያሰመሩ፣ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በአጀብ የሚጓዙትን የጭነት መርከቦች እንዴት እንደሚያጠቁ በጨዋታ ይፈትሹ ነበር። ለሥልጠና የመጣው መኮንን ወለሉን የሚያየው በመጋረጃ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ባሕር ላይ ያለ አዛዥ ሁሉን ማየት አይችልምና። እዚያ ወለል ላይ የተፈተነው ስልት አትላንቲክ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። በዚያው ከተማ የባሕር ኃይሉ ዕዝ የነበረበት የምድር ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው።

ይህን ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። በሊቨርፑሉ ታሪክ ውስጥ ጨዋታው ራሱ ቅርስ ነው። ማስታወቂያውን ደግመሽ አንብቢና፣ ጨዋታ የሚለው ሙዚየሙ በስብስቡ የያዘውን ነው ወይስ ጎብኚው አዳራሽ ውስጥ የሚጫወተውን፣ ብለሽ ለዪ። ሁለቱ የተለያየ ዶክትሬት ናቸው። አንደኛው ከመዝገብ ቤት ጋር ያውልሻል፤ ሌላው ከሰው ጋር። እኔ ከጥያቄሽ እንደተረዳሁት ልብሽ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

በ2016 ክረምት ፖኬሞን ጎ የተባለው የስልክ ጌም ሲወጣ፣ ሰዎች የናዚ የሞት ካምፕ በነበረው በአውሽዊትዝ መታሰቢያና የአይሁድን ጭፍጨፋ በሚዘክረው በዋሽንግተኑ የሆሎኮስት ሙዚየም ግቢ ውስጥ ምናባዊ ፍጥረቶችን ማሳደድ ጀመሩ። ሁለቱም ተቋማት ቦታቸው ከጨዋታው እንዲወጣ ጠየቁ። እዚህ ላይ ብዙ ክርክር ያለ አይመስለኝም፤ ጨዋታው ከቦታው ጋር የሚያገናኘው አንዳች ነገር አልነበረውም። ነገሩ የሚከብደው ጨዋታው ስለዚያው ቦታ፣ ስለዚያው ሰው ሲሆን ነው፤ ምርምር የሚያስፈልገውም ያን ጊዜ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ምርጫ የሚባለው ነገር ነው። ያለ ምርጫ ጨዋታ የለም። በጦርነት መሐል የተያዘ ሲቪል ግን ብዙውን ጊዜ ምርጫ አልነበረውም። ከተከበበች ከተማ ማምለጫ መንገድ ለተጫዋቹ ካበጀሽለት፣ ሳይታወቅሽ "ያላመለጡት ብልህ ስላልነበሩ ነው" እያልሽው ነው። ይህን የሚናገረው በግድግዳው ላይ የተጻፈው መግለጫ አይደለም፤ የጨዋታው ሕግ ነው። ለሁለቱም ወገን እኩል የማሸነፍ ዕድል መስጠትም እንዲሁ የራሱን መልእክት ይዞ ይመጣል። ጌም ሠሪ ሚዛን ይወዳል፤ ጦርነት ሚዛን አያውቅም። ጽሑፉን አርመሽ ሕጉን እንዳለ ብትተይው ምንም አላረምሽም። ማመልከቻሽ ውስጥ ይህን ማየት የሚችል ዐይን እንዳለሽ ካሳየሽ፣ ኮድ መቻልሽን የሚጠይቅ ሰው አይኖርም።

እንግዲህ ወደ ጌሞቹ። ዲስ ዋር ኦፍ ማይን በ2014 የወጣ የፖላንድ ሥራ ነው፤ መነሻው በ1990ዎቹ የቦስኒያ ጦርነት የሳራዬቮ ከተማ ከበባ ነው። የምትጫወቺው ወታደር ሆነሽ ሳይሆን ፍርስራሽ ቤት ውስጥ ተጠልለው ምግብና መድኃኒት የሚፈልጉ ሰዎችን ሆነሽ ነው። ከአቅመ ደካማ ሽማግሌና አሮጊት ቤት መስረቅ ትችያለሽ፤ ከሰረቅሽ በኋላ ግን የራስሽ ሰዎች በጸጸት ሲሰበሩ ታያለሽ። በ2020 የፖላንድ መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩ የንባብ ሥራዎች ጋር እንደሚያካትተው አስታውቋል። ሁለተኛው አቴንታት 1942 ነው፤ በፕራግ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲና በቼክ የሳይንስ አካዳሚ ትብብር የተሠራ፣ በ2017 የወጣ። በዚህኛው የዛሬ ዘመን የልጅ ልጅ ሆነሽ፣ ወንድ አያትሽ በናዚዎች ለምን እንደታሰረ ሴት አያትሽንና የዘመኑን ምስክሮች ትጠይቂያለሽ። የሆነውን መለወጥ አትችይም፤ የምትመርጪው ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ ብቻ ነው። ሁለቱን አከታትለሽ ስትጫወቺ የምርጫን ችግር እንዴት ለየቅል እንደፈቱት ይገለጥልሻል። ለእኔ ለሙዚየም የሚቀርበው ሁለተኛው ነው፤ አንቺ በዚህ ባትስማሚ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱን ግን ጻፊው።

እነዚህ ጌሞች ቤት ውስጥ ተቀምጦ በሰዓታት የሚጨረሱ ናቸው። የሙዚየም ጎብኚ ግን ቆሞ ነው ያለው፤ ልጁ እጁን ይጎትተዋል፣ ከኋላው ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። ጸጸት በጥቂት ደቂቃ ይበስላል? ሦስት ጓደኛሞች እየተሳሳቁ አብረው ሲጫወቱ አጠገባቸው የአያቷን ፎቶግራፍ ፍለጋ የመጣች ሴት ብትኖርስ? አብዛኛው አመልካች ስለ ጌሙ እየጻፈ አዳራሹን ይረሳል። አንቺ በሙዚየም ጥናት የሠለጠንሽው ለዚሁ ነውና እዚህ ላይ ቆዪበት። አንድ ጥንቃቄ ግን፦ "ሙዚየሞች ጌምን ይንቃሉ" ብለሽ እንዳትጀምሪ። በለንደን የሚገኘው የኢምፔሪያል ጦርነት ሙዚየም ስለ ጦርነትና ቪዲዮ ጌም ራሱን የቻለ ዐውደ ርዕይ በመስከረም 2022 ከፍቶ እስከ ቀጣዩ ግንቦት ሲያሳይ ቆይቷል።

ፕሮፖዛሉን በተመለከተ፣ በትብብር ቦታዎች ርዕሱን ዩኒቨርሲቲውና ሙዚየሙ አስቀድመው ይቀርጹታል። ከአንቺ የሚጠበቀው እሱን አጥብቦ የራስ ማድረግ ነው። "ጨዋታ ለትምህርት ይጠቅማል ወይ" የሚል ጥያቄ ከአራት ዓመት በኋላም መልስ አያገኝም። "የአዛዥን ሚና የተጫወተና የሲቪልን ሚና የተጫወተ ጎብኚ፣ ከሁለት ወር በኋላ ስለዚያው ከበባ የሚተርኩት በምን ይለያያል" የሚለው ግን ሊሠራ ይችላል። ጎብኚዎችን በአዳራሹ ትመለከቻለሽ፣ ከመጫወታቸው በፊትና በኋላ ታነጋግሪያለሽ፣ ቆይተሽ ደግሞ ትደውይላቸዋለሽ። ከጎብኚዎቹ መካከል ራሱ ከጦርነት የሸሸ ሰው ሊኖር እንደሚችል አስቢ፤ ጨዋታውን በመሐል አቋርጦ ያለ ጥያቄ የሚወጣበትን መንገድ በፕሮፖዛሉ ላይ ጻፊ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው መጠየቁ አይቀርም፤ ቀድመሽ ማሰብሽ ያስመሰግንሻል።

ገንዘቡን በአጭሩ። በብሪታኒያ የመንግሥት ምርምር ፈንድ የሚከፈለው ዝቅተኛ የዶክትሬት አበል ለ2025/26 የትምህርት ዘመን 20,780 ፓውንድ ነው፤ ግብር አይቆረጥበትም። ከሌላ አገር ለሚመጡ ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በዚህ ፈንድ ከሚወሰዱት የውጭ አገር ተማሪዎች ከ30 በመቶ መብለጥ የለባቸውም። ሁለተኛ፣ ፈንዱ የሚሸፍነው የአገሬውን ተማሪ ክፍያ መጠን ነው፤ ልዩነቱን ዩኒቨርሲቲው ይተወው እንደሆነ ከማመልከትሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂ። "ሙሉ ወጪ" የሚለው ቃል ቪዛንና ለተማሪ በዓመት 776 ፓውንድ የሚደርሰውን የጤና ክፍያ ብዙ ጊዜ አይጨምርም። ይህ ካልተሳካ የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮችን ተከታተዪ። ዜግነት አይጠይቁም፣ ደመወዝ ይከፍላሉ፤ ዋናው ቅድመ ሁኔታ በአስተናጋጇ አገር ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ አለመኖር ነው።

ስለ ሥራው አላባብልሽም። የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ቦታ ጥቂት ነው፤ ብዙ ዶክተሮች ይሻሙበታል። የትብብር ዶክትሬት ጥቅሙ ሙዚየም ውስጥ እየሠራሽ መማርሽ ነው። በትምህርት ክፍል፣ በዲጂታል ዝግጅትና በጎብኚዎች ጥናት ላይ ልምድ ይዘሽ ትወጫለሽ፤ ከጎብኚ ጋር ቁጭ ብሎ መረጃ መሰብሰብና መተንተን የሚችል ሰው ደግሞ ከሙዚየም ውጭም ይፈለጋል። የምትፈልጊው መምህርነትን ብቻ ከሆነ ግን ደግመሽ አስቢበት።

አሁን የመጀመሪያ ሥራሽ ለአማካሪዎቹ ኢሜይል መጻፍ ነው። ስማቸው ማስታወቂያው ላይ የወጣው እንዲጠየቁ ነውና አትፈሪ። ማንነትሽን በሁለት ዐረፍተ ነገር፣ ያጠበብሽውን ጥያቄ በአንድ ጻፊ፤ ከዚያ ሙዚየሙ ከጎብኚዎች ጋር መሥራት የሚፈቅደው በየትኞቹ አዳራሾች እንደሆነ ጠይቂ። ሲቪሽን የሚያዩት ከማመልከቻው ጋር ስለሆነ አሁን አታያይዢው።