ላንካስተርን ዳገት ላይ ሳትፈትን አትግዛ

ወንድሜ፣ «አርምስትሮንግ ሲድሊ ላንካስተር የተባለውን አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ልገዛ ነው፤ ፋብሪካው ለምን ተዘጋ? መለዋወጫስ ከየት ይገኛል?» ብለሃል። እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ ውስጥ አሮጌ መኪና በሚያድስ ጋራዥ ለዓመታት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርህ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፋብሪካው የተዘጋው መኪናው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ድርጅቱ በ1919 በዚሁ ከተማ ሲቋቋም ጀምሮ መኪናና የአውሮፕላን ሞተር ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። የድርጅቱ አለቃ ጆን ሲድሊ በ1935 ሸጦት ከአውሮፕላን ሠሪው ሆከር ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ዋናው እንጀራ ከአውሮፕላን ሆነ። ስሞቹን ተመልከት፤ ጦርነቱ አውሮፓ ላይ ባበቃበት በግንቦት 1945 ይፋ የሆኑት ላንካስተርና ሀሪኬን የተሰየሙት በጦር አውሮፕላኖች ነው። የ1952ቱ ሳፋየርም ስሙን የተጋራው ከጄት ሞተር ጋር ነው። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ግሩም መኪና ነበር፤ ነገር ግን እዚያው ከተማ ጃጓር በአነስተኛ ዋጋ ፈጣን መኪና ይሸጥ ነበር። መኪና ማምረቱ በ1960 ቆመ። እኔን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ካምቢዮው እንምጣ፤ ገንዘብህን የሚበላው እሱ ነው። መሪው ሥር ባለችው ትንሽ ዘንግ ሦስተኛ ማርሽን ትመርጣለህ፤ ወዲያው ግን ምንም አይለወጥም። ማርሹ የሚገባው በፍሪሲዮን ቦታ ያለውን ፔዳል ረግጠህ ስትለቅ ነው። ውስጡ ከላይኛው ማርሽ በቀር በየማርሹ ከበሮ መሰሉን ብረት የሚጨብጥ ቀበቶ አለ፤ ቀበቶውን የሚያጠብቀው ደግሞ ብርቱ ሞላ ነው። የመጀመሪያ ቀን ፔዳሉን በግማሽ ረገጥሁት። እንደ በቅሎ መልሶ ረገጠኝ! የሞላው ኃይል በሙሉ እግሬ ላይ አረፈ፤ ወደ ቦታው ለመመለስ በሁለት እግሬ መግፋት ነበረብኝ። ስለዚህ ሁልጊዜ እስከ ወለሉ ድረስ ርገጥ።

ስለ መለዋወጫ ብዙ አትስጋ። የባለቤቶቹ ማኅበር የስሙንና የንድፉን መብት ከተረፈው ዕቃ ጋር ገዝቶ ይዟል፤ ያለቀውንም እያሠራ ለአባላቱ ይሸጣል። መኪናውን ከመግዛትህ በፊት አባል ሁን፤ የምትገዛውን መኪና የሚያውቅ ሰው እዚያ ልታገኝ ትችላለህ።

በመኪናው በሮች ሥር ያለውን ላሜራ በእጅህ ዳብስ፤ ዝገት ይደበቅበታል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሁሉንም ማርሽ ሞክር። ሻጩ ሜዳ ላይ ብቻ ሊያስነዳህ ከፈለገ እሺ አትበል፤ ያለቀ ቀበቶ መንሸራተት የሚጀምረው ዳገት ላይ ነው።