መልስ፦ ቤት ውስጥ ደስ የሚል ሽታ ያለው የፒፓ ትምባሆ
ወንድሜ አዳማ ሆነህ ጣዕሙም የቤት ሽታውም የሚያረካ የፒፓ ትምባሆ የቱ ነው ላልከው፣ እኔ ቫኒላ የገባበት ብላክ ካቨንዲሽ (በእንፋሎት የጠቆረ ለስላሳ ትምባሆ) ነው የምልህ፣ ለምሳሌ ሌን ዋን ኪው ወይ ካፒቴን ብላክ የሚባሉት። ላታኪያ የሚባለው ትምባሆ ያለበትን እርሳው፣ በእንጨት ጭስ የደረቀ ስለሆነ ሚስትህ መጋረጃው ተቃጠለ ብላ ነው የምትሮጠው 😄 የቫኒላው ሽታ ደሞ የሚጣፍጠው ለጎረቤት ነው እንጂ አጫሹ ጋ ጣፋጭነቱ ቀለል ይላል። አሮማቲክ (እንዲህ ጣዕም የተጨመረበት) ትምባሆ እርጥበት ስለሚበዛው እንዳለ ጠቅጥቀህ ከለኮስከው ምላስህን ይልጠዋል፣ ወረቀት ላይ በትነህ ትንሽ አቆየው፣ በአዳማ ሙቀትና ንፋስ ቶሎ ይደርቃል፣ በጣትህ ስትጫነው ሳይጣበቅ ከተፈታ በቃ፣ ከዛ ቀስ እያልክ ሳብ። ልጆች ካሉ ግን ሽታው ጣፈጠ ተብሎ ጭሱ ጭስ መሆኑ አይቀርም፣ በረንዳ ውጣ። አዳማ ሱቅ ለሱቅ ደሞ አትንከራተት፣ በአዋጅ 1112/2011 ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ መሸጥ ክልክል ነው።