«አይዞኝ» ማለት ለምን ይከብደናል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ። ሥራዬ የሥነ ልቦና ምክር ነው። ባለፈው ሳምንት ለራስ ስለ መራራት ሁለት መስመር ጽፌ ጥያቄው ጎረፈብኝ። ዛሬ ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፣ ጠይቁኝ። አንዳንዱን በአጭሩ አልፈዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ለራስ መራራት ስትይ ምን ማለትሽ ነው? የፈረንጅ ወሬ መሰለኝ።

መልስ፦ ስሙ አዲስ ይሆናል እንጂ ነገሩን ታውቀዋለህ። ጓደኛህ ከሥራ ተባረረ እንበል። ደውሎ ሲነግርህ «ድሮም ሰነፍ ነህ» ትለዋለህ? አትለውም። እስኪጨርስ ትሰማዋለህ፣ ከዚያ «አይዞህ፣ ያልደረሰበት ማን አለ፣ ና እስኪ ቡና እንጠጣ» ትለዋለህ። ያንኑ በራስህ ሲደርስ ለራስህ ማድረግ ነው፣ አለቀ። ክሪስቲን ኔፍ የምትባል የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2003 እ.ኤ.አ. ነገሩን ሦስት ቦታ ከፍላ ጻፈችው፤ ሕመሙን ሳይደብቁም ሳያጋንኑም ማየት፣ መውደቅ የሰው ሁሉ መሆኑን ማሰብ፣ ለራስ ደግ መሆን። ከጓደኛህ ጋር ያደረግከውን መልሰህ ብታየው ሦስቱም እዚያው አሉ።

እኔን የሚገርመኝ ቋንቋችን ነው። አይዞህ፣ አይዞሽ፣ አይዟችሁ፣ አይዞን እንላለን። «አይዞኝ» የሚል ሰው ግን ስንቴ ሰምተሃል? እስኪ አሁን ድምፅህን አውጥተህ በለው። አፍ ላይ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና አላለፍኩም። ራሴን ካልወቀስኩ ጭራሽ እዝላለሁ ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ የማይጠይቀኝ የለም። አለንጋ ካልተነሳ በሬው አይሄድም ብለን ነዋ ያደግነው። ግን እውነቱን ንገረኝ፤ ውጤቱ ከመጣ ወዲህ ራስህን ስትሰድብ ከርመሃል፣ ስንት ገጽ አነበብክ? መጽሐፉን ስታየው ያ ቀን ትዝ ይልሃል፣ ትሸሸዋለህ፣ ስልክህን ታነሳለህ። ስድብ የሚያስጠናው እንደዚህ ነው።

በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ አለ። ተማሪዎች ከባድ የቃላት ፈተና ተፈተኑ። ከዚያ ለከፊሎቹ ፈተናው ብዙ ሰው የሚቸገርበት እንደሆነና በራሳቸው ላይ እንዳይጨክኑ ተነገራቸው። ለሚቀጥለው ፈተና ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ወስደው ያጠኑት እነዚህ ናቸው።

ደግሞ ብቻህን አይደለህም። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይሄን የምልህ ውጤቱ አያሳዝንም ለማለት አይደለም። ያሳዝናል፣ እዘን። ከዚያ «ደደብ ነኝ» የሚለውን ወደ ጎን አድርገህ «የትኛው ትምህርት ጣለኝ?» ብለህ ጠይቅ። የመጀመሪያው መልስ የለውም፣ ሁለተኛው ግን አለው።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ ቤሩት። ደመወዜን በሙሉ ወደ ቤት እልካለሁ። ባለፈው ለራሴ ጃኬት ገዛሁ፣ ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ ጃኬቱ ምን ዓይነት ቀለም ነው? የምሬን ነው። ገዝተሽው በደንብ እንኳ አላየሽውም ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ስታይው ጃኬት ሳይሆን የእናትሽ መድኃኒት፣ የወንድምሽ ደብተር ነው የሚታይሽ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» የሚባለው በሌላው ላይ ሲሆን ነው የሚያስቀው። አንቺ ጋ ደርሶ ይሉኝታ ሆኖ አንገትሽን ያንቅሻል።

እስኪ ታናሽ እህትሽ ደውላ «ጃኬት ገዛሁ» ብትልሽ ምን ትያታለሽ? «በላይሽ ይለቅ!» ነው አይደል? ጃኬቱን ልበሺና መስታወት ፊት ቆመሽ እሱኑ ለራስሽ በይ። ሳቅ ቢመጣብሽም በይው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ደመወዝ ከከለከሉሽ ወይም እጅ ካነሱብሽ ያ የስሜት ጉዳይ አይደለም። ለራስ መራራት በደልን መቻል ማለት አይደለም፤ ለምታምኚው ሰው ተናግረሽ እርዳታ መፈለግም ለራስ መራራት ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 63 ነው። እኛ ራስን መውቀስ ትሕትና ነው ተብለን ነው ያደግነው። ይሄ ነገር ትዕቢት አይሆንም?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥያቄዎን ወደድኩት። ንስሐ አባትዎ ቀኖና ሲሰጡዎት ልክ አለው አይደል? ይሄን ያህል ጾም፣ ይሄን ያህል ስግደት፣ ከዚያ ያበቃል። እርስዎ ለራስዎ የሰጡት ቅጣት መቼ ነው የሚያበቃው? እኔ ጋ የሚመጡ ሰዎች የሃያ ዓመት ጥፋት ዛሬም በየቀኑ ይሰግዱበታል። ጥፋትን ማመን ሌላ፣ ዕድሜ ልክ መፍረድ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ሞከርኩት። ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም፣ አለቀስኩ።

መልስ፦ ይሄ ያጋጥማል። ክሪስቶፈር ገርመር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ቃል ተውሶ ነው የሚያስረዳው፤ ተዘግቶ የሚጤስ ክፍል በሩ ድንገት ሲከፈት አየር ይገባና እሳቱ ቦግ ይላል። ዓመት ሙሉ «ምንም አልሆንኩም» ስትል ኖረህ አንድ ቀን ለራስህ ደግ ቃል ስትናገር የታፈነው ይወጣል። በሩን ገርበብ አድርገው እንጂ አትበርግደው። ሲበዛብህ አቁምና ፊትህን ታጠብ፣ እግርህ ወለሉን ሲነካ ልብ በል። ደግ ቃሉ ነገ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ለማሰላሰል ጊዜ የለኝም።

መልስ፦ ማን አሰላስዪ አለሽ? ወጡ ሲያርብሽ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ «ደክሞኛል፣ የደከመው ሰው ደግሞ ወጥ ያሳርራል» በይ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ መኖር አስጠልቶኛል።

መልስ፦ ይሄን ጽፈህ አትሂድ። አሁኑኑ ለአንድ ሰው ደውልና ይሄንኑ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ንገረው፣ አብሮህም ይሁን፣ ብቻህን አትደር። ራስህን ልትጎዳ የምታስብ ከሆነ ዛሬውኑ ቅርብህ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ከእኔ የሚጻፍ ምክር ለዚህ አይበቃም። እኔም በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ፣ መልስልኝ።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ላንቺስ ይሠራልሻል?

መልስ፦ አንዳንዴ። ባለፈው ማክሰኞ ቁልፉን ውስጥ ትቼ በሩን ዘጋሁት። አራተኛ ፎቅ፣ በአንድ እጄ ዘንቢል፣ በሌላው ልጄ። «ደንቆሮ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። የስድስት ዓመት ልጄ ቀና ብሎ አየኝና «እማዬ፣ ማን ነው ደንቆሮ?» አለኝ። ምን ልበለው? «ማንም» አልኩት። ቁልፍ ሠሪው እስኪመጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ከዘንቢሉ ሙዝ እያወጣን በላን።