«ዮል» የመሃይም ቃል አይደለችም

ወንድሜ፣ ዳላስ ከገባህ ወዲህ አለቃህ በንግግሯ መካከል ጣል የምታደርጋት «ዮል» ያልተማረ ሰው አነጋገር ናት ወይ፣ እኔስ ልልመዳት ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ጆርጂያ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት እሠራለሁ፤ ቃሏን ከሐኪሙም ከጽዳት ሠራተኛውም አፍ እኩል እሰማታለሁ። የዚህ የአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ቃል ናት፤ ያለ ሥጋት ልመዳት።

ትርጉሟ «እናንተ» ነው፤ «ዩ» እና «ኦል» ተጣብቀው የወለዷት። ስትጽፋት (y'all) ጭረቷን ከ«ዋይ» ቀጥለህ አስገባ፤ የወደቁትን የ«ኦ»ንና የ«ዩ»ን ፊደላት ቦታ የምትይዘው እርሷ ናት። ከ«ኤ» በኋላ የሚያስገቡ፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሰዎች እንኳ ሞልተዋል።

ድሮ እንግሊዝኛም እንደ እኛው አንተንና እናንተን ይለይ ነበር፤ ለአንዱ «ዛው»፣ ለብዙዎቹ «ዪ»። «ዩ» የ«ዪ» ተሳቢ ነበረች፤ «እናንተን» እንደማለት። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ግን እንደ ፈረንሳይኛው ትልቅ ሰውን በብዙ ቁጥር ማክበር ተለመደ። አክብሮቱ እየሰፋ ጎረቤቱንም አሽከሩንም አዳረሰና፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን «ዛው» ከብዙው ሕዝብ የዕለት ንግግር እየወጣች ሄደች። (አንቱታ የምናበዛ ሰዎች እንጠንቀቅ!) «ዩ» አንዱንም ብዙውንም ብቻዋን ተሸከመች።

ጉዳቱን ማየት ከፈለግህ በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ዮሐንስ 3፥7 ላይ ክፈት። ጌታ ኒቆዲሞስን ለብቻው «ዚ» (የ«ዛው» ተሳቢ፣ «አንተን» እንደማለት) ብሎት ወዲያው «ዪ» ወደሚለው ይሻገራል፤ በአማርኛችንም «ልትወለዱ» ካለ በኋላ «ስላልሁህ» ይላል። ንግግሩ ለአንድ ሰው፣ ትእዛዙ ለሁሉም። በአብዛኞቹ አዳዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ሁለቱም «ዩ» ስለሆኑ እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ይህን ሳያዩ ያልፉታል።

ክፍተቱን እያንዳንዱ አካባቢ በራሱ መንገድ ሞላው። ፒትስበርግ «ዪንዝ»፣ አየርላንድ ውስጥ «ዩዝ» ይላሉ፤ በአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል «ዩ ጋይዝ» በዝቷል። ይህኛው ለእኔ አይጥመኝም፤ «ጋይ» በመሠረቱ ወንድ ነው፣ የሰማንያ ዓመት እናቶች በተሰበሰቡበት ክፍል ገብቼ እንዴት እንዲያ እላለሁ? «ዮል» ወንድም ሴትም አይለይም።

ሰዎቹ ብዙ ሆነው አንድም እንዳይቀር ከተፈለገ «ኦል ዮል» ይባላል፤ «ሁላችሁም» ማለት ነው። ብቻህን ቆመህ «ዮል እንዴት ናችሁ» ብትባል አትደናገር፤ ከአንተ ጋር ቤተሰብህ መጠየቁ ነው፣ እኛም አንዱን አግኝተን «እንዴት ናችሁ» እንደምንለው። ለሱቅ ሻጭም «ዮል ክፍት ናችሁ?» ይባላል፣ ጥያቄው ለሱቁ ነውና።

በሥራ ማመልከቻና በትምህርት ቤት ጽሑፍ ውስጥ አታስገባት፤ ለሥራ ባልደረቦችህ በምትልከው አጭር መልእክት ግን ማንም አይታዘብህም። አለቃህን ስለ ራሷ ብቻ ስትጠይቃት «ዩ» በላት። እርሷን ብቻ «ዮል» ካልካት ቃሏን ገና እየለመድካት እንደሆነ ወዲያው ያውቁብሃል።