የጎልፍ ሜዳው ቤት ይቅርብኝ ብል ትዳሬን ያፈረስኩት እኔ ነኝ?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም። አሁን ትዕግሥቴ አልቋል።

ባለቤቴ አሜሪካ ነው። ጆርጂያ ውስጥ ሳቫና የምትባል የወደብ ከተማ። ኮንቴይነር የሚጭን ከባድ መኪና ይነዳል፤ በቅርቡ የራሱን ገዝቷል። እኔና ሁለቱ ልጆቻችን ሀዋሳ ነን። የቪዛችን ጉዳይ ከስንት መከራ በኋላ አልቋል። ክረምት ሲገባ እንሄዳለን። እስከዚህ ድረስ ተመስገን ነው።

ችግሬ ቤቱ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ስኪዳዌይ የሚባል ደሴት አለ። እዚያ ላይ በር ጠባቂ ያለው፣ ዝም ብሎ የማይገባበት ትልቅ መንደር አለ። ባለቤቴ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሄዶ ካየው ጀምሮ ልቡ እዚያ ቀርቷል። ሌላ ወሬ የለውም። በቪዲዮ ይደውልና ሣር ያሳየኛል። ሣር! ስድስት የጎልፍ ሜዳ አለ ይለኛል። እኔ የአንዱም ጥቅም አልገባኝም። እሱ ራሱ ጎልፍ ተጫውቶ አያውቅም። እዚሁ አሞራ ገደል ዓሣ ሲያጠምድ ነው ያደገው። አሁን የጎልፍ ዱላ ገዝቷል። ጓንትም ገዝቷል፤ ያውም ለአንድ እጅ ብቻ። ደግሞ ሰኞ ወጥቶ ቅዳሜ ነው ቤቱ የሚገባው። መቼ ሊጫወተው ነው?

መንደሩ ሕጉ አያልቅም። የገዛ ቤትሽን ቀለም ለመቀየር ማስፈቀድ አለብሽ። ልብስ ውጭ አይሰጣም። በየዓመቱ ለማኅበሩ የሚከፈል ገንዘብ አለ። ቪዲዮው ላይ መንገድ ላይ ሰው አይቼ አላውቅም። ካየሁም ትንሿን የጎልፍ መኪና የሚነዱ ሽማግሌዎች ናቸው። አብዛኛው ነዋሪ ጡረተኛ ነው አሉ። እኔ እዚህ ደጄን ስከፍት ጎረቤቴ ቡና ፈላ ብላ ትጠራኛለች። እዚያ ማንን ልጠራ ነው? ለእንቁላል እንኳ መኪና ማስነሳት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አልነዳም። ትለምጃለሽ ይለኛል።

ስለ ጎልፉ ስናገር “አንቺ መቼም ከፍ ማለት አትወጂም” ይለኛል። እትዬ፣ ከፍ ማለት እወዳለሁ። ግን ዱላ ይዞ ትንሽ ኳስ መከተል ከፍታ ነው?

ለቅድሚያ ክፍያው የሀዋሳውን ቤት እንሽጥ ተባብለናል። የአባቴ ውርስ ነው፤ ልብስ የምሰፋባት ሱቅም እዚያው ናት። ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ስለሰለቸኝ ለባለቤቴ ወንድም ውክልና ሰጥቼዋለሁ። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ይህ ብዙም አያሳስበኝም።

ባለፈው ሳምንት ግን ክፉኛ ተጣላን። “ቤቱ ካልተዋጠልሽ እዚያው ቅሪ” አለኝ። በንዴት ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስንት ዓመት ተለያይተን ኖርን። ጠዋት ምን እንደሚበላ እንኳ አላውቅም። ትልቁ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ አባቱን የሚያውቀው በስልክ ነው። አልሄድም ብል ትዳሬን ያፈረስኩት እኔ ነኝ? ልጆቼስ ሲያድጉ ምን ይሉኛል?

የሐይቅ ዳሯ፣ ከሀዋሳ

መልስ

እህቴ፣ ጎልፉን ለጊዜው ተዪው። ሰኞ ጠዋት ሱቅሽን ከመክፈትሽ በፊት ውክልናውን ሽሪ።

“ብዙም አያሳስበኝም” ያልሽው ነገር ነው እኔን ያሳሰበኝ። የአባትሽ ቤት፣ የእጅሽ ሥራ ያለበት ቤት፣ በሌላ ሰው ፊርማ ሊሸጥ ነው። አንቺ ደግሞ ስለ አንድ እጅ ጓንት ትጽፊልኛለሽ። በውርስ ያገኘሽው ቤት በቤተሰብ ሕጉ የግልሽ ነው። ውክልና የሰጠ ሰው ደግሞ በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ምክንያት እንኳ አይጠይቅሽም። ውክልናውን ያጸደቅሽበት ቢሮ ሄደሽ መሻሪያውን አስመዝግቢ። ለወንድሙ በጽሑፍ አሳውቂ። ደላላውም ይስማ። ወንድሙ ጨዋ ነው ብለሻል። ጨዋ ከሆነ ይገባዋል፤ ቢቀየምም ይበርድለታል።

ቤቱ ተሸጠ እንበል። ብሩ በምን መንገድ ሳቫና ሊደርስ ነው? ባንክ ብርሽን ተቀብሎ አሜሪካ ቤት ግዢበት ብሎ ዶላር አይልክልሽም። የቀረውን መንገድ ሀዋሳ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እኔ እዚህ አልጽፈውም። እዚያ ደግሞ የቤት ብድር የሚሰጠው ባንክ የቅድሚያ ክፍያው ከየት እንደመጣ በወረቀት ይጠይቃል። ባልሽ ይህን አስቦበታል? ጠይቂው። እኔ ያሰበበት አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ደሴቱ። ሰኞ ወጥቶ ቅዳሜ እንደሚገባ የነገርሽኝ በጎልፉ ለመሳቅ ነው። እኔ አልሳቅኩም። እንደማትነጂም በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከእንቁላል ጋር አልፈሽዋል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጊያቸው። ስኪዳዌይን ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኘው መንገድ አንድ ነው፤ በድልድይ ያልፋል። ከሳቫና መሐል ከተማ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ረቡዕ ሌሊት ትንሹ ልጅሽ ትኩሳት ቢይዘው ማን ይወስደዋል? ሀዋሳ ቢሆን ባጃጅ ትጠሪያለሽ፤ ባጃጅ ቢጠፋ ጎረቤት አለ። እዚያ ባልሽ ምናልባት ቴክሳስ መንገድ ላይ ነው። አበሻ በብዛት ያለው አትላንታ ነው። ከሳቫና አትላንታ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከሀዋሳ አዲስ አበባ ገብተሽ እንደገና መቂ ድረስ እንደመመለስ ነው። ቡና የምትጠጣልሽ ሴት ያለችው እዚያ ነው።

የምትደርሱበት ጊዜም አለ። በዚያ ጠረፍ የሃሪኬን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ ወቅት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። በፈረንጆቹ 2016 ማቲው፣ በ2017 ደግሞ ኢርማ የተባሉት ሃሪኬኖች ሲመጡ የጠረፉ ነዋሪ ውጣ ተብሏል። ይህ በየዓመቱ አይደርስም። ሲደርስ ግን በመኪና ነው የሚወጣው፤ መሪውን የሚይዘው አንቺ ነሽ። በነገራችን ላይ የተለመደው የቤት መድን እዚያ ጎርፍን አይሸፍንም። የጎርፍ መድን ለብቻው ይገዛል። የማኅበሩ ክፍያ፣ የንብረት ግብር፣ ሁለት መድን፣ የባንክ ዕዳ። የጎልፍ ክለቡ አባልነት ለገዢ ግዴታ ከሆነ እሱም ይጨመራል፤ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ይጠይቃቸው። የማኅበሩ ክፍያ ሲጠራቀም ቤቱን እስከማሳገድ ሊያደርስ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚከፍለው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ለመክፈል ሲል ጭራሽ ቅዳሜም ላይገባ ነው።

ስለ ልጅሽ አንድ ቃል ብቻ ጽፈሻል። 16 ዓመት። እዚህ ብስክሌቱን ይዞ ፍቅር ሐይቅ ደርሶ ይመጣል፤ ማንም የማን ልጅ ነህ አይለውም። ጡረተኛ በበዛበት መንደር እኩዮቹ ጥቂት ናቸው። ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ወጣት ነው፤ ይህን አባቱ ያውቃል፣ ልጁ ገና አያውቅም። በፈረንጆቹ 2012 ፍሎሪዳ፣ ሳንፎርድ ውስጥ ትሬቮን ማርቲን የተባለ የ17 ዓመት ልጅ አጥርና በር ባለው መንደር ውስጥ ከሱቅ ሲመለስ ተገደለ። የገደለው የመንደሩ በጎ ፈቃደኛ ጠባቂ ነው፤ ፍርድ ቤትም በነጻ አሰናብቶታል። ስኪዳዌይ ሳንፎርድ አይደለም። ሰዎቹም ክፉ ናቸው እያልኩሽ አይደለም። ጎረቤት ሳያውቀው በየመንገዱ የሚሄድ ጎረምሳ አባቱ አጠገቡ እንዲኖር ይፈልጋል ነው የምልሽ። አባቱ ደግሞ መንገድ ላይ ነው።

ቦታው ውብ ነው፤ አልክድም። ትልልቅ የኦክ ዛፎች፣ ረግረጉ፣ የብስክሌት መንገዱ፣ አጠገቡ የመንግሥት ፓርክ። ባልሽም አላበደም። ይህን ሁሉ ዓመት በመኪናው ጋቢና ውስጥ ተኝቶ፣ በየነዳጅ ማደያው ታጥቦ የኖረ ሰው ጸጥ ያለ በር ቢያምረው አይፈረድበትም። ሚስቴ ስትመጣ የማሳያት ነገር ይኑረኝ ብሏል። ይህን አንቺም ልታይለት ይገባ ነበር። አንድም ቦታ “ደክሞታል” አላልሽም። ሣሩን ብቻ ነው ያየሽው። ስልኩን ሲያዞርልሽ እኮ እየለመነሽ ነበር፤ አድንቂልኝ ይላል።

ግን አድናቆት ሌላ፣ ፊርማ ሌላ።

የእኔን ሐሳብ ከፈለግሽ ይኸው። ሂጂ። ልጆችሽን ይዘሽ ሂጂ። ሳቫና ከተማው ውስጥ፣ ትምህርት ቤትና አውቶቡስ የሚቀርብ ቦታ አንድ ዓመት ተከራዩ። ጎልፍ ካማረው ከተማው ውስጥ ቤከን ፓርክ የሚባል ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሜዳ አለ፤ ቅዳሜ ከፍሎ ይጫወት፣ አንቺም ሄደሽ ሳቂበት። የሀዋሳውን ቤት አከራዪው። የሱቅሽን ማሽን አትሽጪ። መንዳት ደግሞ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እዚሁ ተማሪ፤ ሀዋሳ መንገዷ ሜዳ ነው፣ ለጀማሪ ከእሷ የተሻለ ከተማ አላውቅም። እዚያ እንደ አዲስ ትፈተኛለሽ፤ ቢያንስ መሪ ስትይዢ እጅሽ አይንቀጠቀጥም።

መጨረሻ ላይ ወደ ቀበርሽው ጥያቄ ልምጣ። ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። አልሄድም ያልሽበት ቦታ የለም። “ቅሪ” ያለው እሱ ነው። አንቺ ያልሽው ይህ ቤት ይቅር ነው። ትዳር ፈረሰ የሚያስብል ነገር እዚህ ውስጥ አላየሁም። ያየሁት ባሏን እንደ እንግዳ የምትፈራ ሴት ነው፤ ፍርሃቱን በጎልፍ ላይ አራግፋዋለች። ጠዋት ምን እንደሚበላ አላውቅም ብለሻል። እሱም የአንቺን አያውቅም። እንዲህ የሆኑ ሁለት ሰዎች የሠላሳ ዓመት ዕዳ ከመፈረማቸው በፊት ጥቂት ወር አብረው ቁርስ ይብሉ። ልጆችሽም እናታቸው ይህን በመጠየቋ አይወቅሷትም።

ዛሬ ሲደውል በስላቅ አትጀምሪ። መጀመሪያ ደክሞህ እንደሆነ አውቃለሁ በይው። ከዚያ ስለ ረቡዕ ሌሊቱ ጠይቂው፤ መልሱን እስኪጨርስ ዝም ብለሽ ስሚው። ዓመቱ ካለቀ በኋላ እየነዳሽ ሄደሽ፣ በሩን አልፈሽ፣ ያን መንደር በዓይንሽ እዪው። ያን ጊዜ ከወደድሽው ግዙት። እኔ በር ጠባቂ ያለው መንደር አልወድም፤ ግን የምትኖሪበት አንቺ ነሽ።